ቀጥሎ የትኛውን የሩሲያ ልቦለድ ላንብብ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ የሩሲያ ልቦለድ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ አሁን ደግሞ የቱን ልያዝ? ከወዳጆችና ከአንባቢዎች ደጋግመው የሚመጡልኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጻሕፍቱን ስም በአማርኛ የጻፍኩት ለመግባባት ነው፤ ሁሉም በአማርኛ ታትመዋል ማለት አይደለም።

የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ጨረስኩ። አሁንስ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከመጽሐፉ ውስጥ እንቅልፍ የነሳችሁ የቱ ነው? ቀጣዩን መጽሐፍ መምረጥ ያለበት እሱ ነው።

የራስኮልኒኮቭ ክርክር ከሆነ፣ ታላላቅ ሰዎች ሕግ ቢጥሱ ይፈቀድላቸዋል የሚለው ሐሳብ ከሆነ፣ «የምድር ቤት ማስታወሻ»ን ያዙ። በ1864 የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቀጭን ይሁን እንጂ ያደክማል። ተራኪው ራሱንም አንባቢውንም ይሰድባል። ግን ሰው ለራሱ እንኳ የማያወራውን ነገር አውጥቶ ያወራል። የመጀመሪያው ክፍል ክርክር ብቻ ስለሆነ ከከበዳችሁ ሁለተኛውን አንብቡና ተመለሱ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ልባችሁን የሰበረው የማርሜላዶቭ ቤተሰብ ከሆነ፣ ያ ሰካራም አባትና የተራቡት ልጆች፣ ወደ ደራሲው የመጀመሪያ ልቦለድ ወደ «ድሆች» (1846) ሂዱ። ሶንያ ከሆነች ደግሞ «ጅሉ»ን። ዶስቶየቭስኪ ፍጹም ደግ ሰው በክፉ ዓለም መሃል ቢቆም ምን እንደሚደርስበት ያየበት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ልዑል ሚሽኪን ፒተርስበርግ የገባበት የአንድ ቀን ታሪክ፣ ደራሲው ከጻፋቸው ሁሉ ምርጡ ይመስለኛል። መሃሉ ይንዛዛል። ታገሱት፤ መጨረሻው ይክሳችኋል።

ሳይቤሪያ ላይ ያለው መዝጊያ ከሆነ የቀረባችሁ «የሙታን ቤት ማስታወሻ» አለላችሁ። ዶስቶየቭስኪ በ1849 ከአንድ የውይይት ቡድን ጋር ተይዞ ሞት ተፈረደበት። አደባባይ አወጧቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች እንጨት ላይ አሰሯቸው። ወታደሮቹ ጠመንጃ ከደቀኑ በኋላ ነው ንጉሡ ቅጣቱን እንደለወጠው የተነገራቸው። ዶስቶየቭስኪ ከሚቀጥሉት መካከል ነበር። ከዚያ ኦምስክ ውስጥ 4 ዓመት እግሩ በብረት ታስሮ ከነፍሰ ገዳዮችና ከሌቦች ጋር ኖረ። መጽሐፉ የወጣው ከዚያ እስር ነው። እስረኞቹ ገላቸውን የሚታጠቡበት አንድ ትዕይንት አለ፤ ደራሲው ቱርጌኔቭ አንብቦት ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ከጻፈው ሲኦል ጋር አወዳድሮታል።

የፖርፊሪ ምርመራ፣ ያ የድመትና የአይጥ ጨዋታ ከሆነ የያዛችሁ፣ ያን ጊዜ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ትክክለኛው መልስ ነው። አባት ተገድሏል። ከልጆቹ ማን ገደለው? ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃውና ዓቃቤ ሕጉ፣ ሁሉም አሉ።

የዶስቶየቭስኪን «አጋንንት» ግን ለብቻው ላንሳው። በ1869 ሞስኮ ውስጥ ሰርጌይ ኔቻዬቭ የሚባል አብዮተኛ ከጓዶቹ ጋር ሆኖ የራሳቸው ቡድን አባል የነበረ ተማሪ ገደለ። ልቦለዱ የተነሳው ከዚህ ነው። መጀመሪያው በጣም ዝግ ይላል። የትንሽ ከተማ ሐሜት፣ የሳሎን ጨዋታ፣ የሽማግሌ ኩርፊያ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይተወዋል። እኔ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲያነብ የምመኘው የሩሲያ ልቦለድ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የተማሪዎችን ንቅናቄ፣ ሕቡዕ ድርጅትን፣ ጓድ ጓዱን የበላበትን ጊዜ ከቤተሰቡ አፍ የሰማ ሰው ሁለተኛውን አጋማሽ ሲያነብ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው።

ከቶልስቶይ የቱን ላስቀድም? «ጦርነትና ሰላም» ወይስ «አና ካሬኒና»?

ከሁለቱ «አና ካሬኒና»። ግን ከሁለቱም በፊት «ሐጂ ሙራት»ን አንብቡልኝ።

«ሐጂ ሙራት» ቶልስቶይ በስተርጅናው የጻፈው፣ ከሞተ በኋላ በ1912 የታተመ አጭር ሥራ ነው። የካውካሰስ ተራራ ተዋጊ ከአለቃው ከኢማም ሻሚል ተጣልቶ ለሩሲያውያን እጁን ይሰጣል። ቤተሰቡ ግን ሻሚል እጅ ነው። እዚህ ቢሄድ ሞት፣ እዚያ ቢሄድ ሞት። ደራሲው ወጣት ሳለ እዚያው ካውካሰስ ወታደር ነበር፤ የሚያውቀውን ነው የጻፈው። ከመንደር ሴቶች እስከ ዛር ኒኮላይ ድረስ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል። በሁለት ኃይሎች መሃል የተያዘ ባላገርን ታሪክ እኛ ማንም ሳያስረዳን እንረዳዋለን።

«አና ካሬኒና» ስምንት ክፍል አለው። ብዙዎች የአናን ፍቅር ፈልገው ይገቡና የሌቪን እርሻ ሲመጣ ገጽ መዝለል ይጀምራሉ። አትዝለሉ! ሌቪን ከገበሬዎቹ ጋር ተሰልፎ ሣር የሚያጭድበት ምዕራፍ አለ። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው፣ ድካሙ ሲጠፋና እጅ ራሱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ ያን ምዕራፍ ሲያነብ ይደነቃል።

«ጦርነትና ሰላም» ደግሞ የሚያስፈራው ውፍረቱ ነው። ምዕራፎቹ ግን አጫጭር ናቸው። 361 ናቸው፤ በቀን አንዷን ያነበበ በዓመት ውስጥ ይጨርሳል። መጀመሪያ ላይ የሚበዙት የሳሎን ሰዎች ስማቸው ቢምታታባችሁ አትጨነቁ። አምስት ሰው ብቻ ያዙ፦ ፒዬር፣ አንድሬይ፣ ናታሻ፣ ኒኮላይ፣ ማርያ። ሌላው ሲያስፈልግ ራሱ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው የታሪክ ፍልስፍና ድርሰት ሌላ ጊዜ ቢነበብም ልቦለዱ አይጎድልም።

ስሞቹ ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?

እኛ እንኳ ከብዙ ሰው የተሻለ ዕድል አለን። የሩሲያ ሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዲሚትሪ ፊዮዶሮቪች ማለት የፊዮዶር ልጅ ዲሚትሪ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን መጨረሻው ይለወጣል፤ ካተሪና ኢቫኖቭና የኢቫን ልጅ ናት። የቤተሰብ ስም ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል።

የሚያስቸግረው የቁልምጫው ስም ነው። ዲሚትሪ ሚትያ ይባላል። አሌክሴይ አልዮሻ ነው። አግራፌና ግሩሼንካ ናት። ሮዲዮን ሮድያ ይሆናል። ስምና የአባት ስም አንድ ላይ ከተጠራ አክብሮት ነው፤ ቁልምጫ ከሆነ ቅርበት ነው። ሰዎቹ መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩ ልብ በሉ፤ እኛ «አንቱ» ብለን የጀመርነው ሰው ላይ «አንተ» ስንል እንደሚሆነው ብዙ ነገር እዚያ ላይ ይታያል። መጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የስም ዝርዝር ከሌለው በወረቀት ቁራጭ ጽፋችሁ ውስጡ አስቀምጡ።

የቱን ትርጉም ልምረጥ?

በአማርኛ የሚገኘውን በአማርኛ አንብቡ። መጀመሪያ ግን ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። «ወንጀልና ቅጣት» ስድስት ክፍልና አንድ ማሳረጊያ አለው። «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» አሥራ ሁለት መጽሐፍና ማሳረጊያ። በእጃችሁ ያለው እንዲህ ካልሆነ አጥሮ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ያጠረ ትርጉም ማንበብ ነውር የለውም። ግን ያነበባችሁት ምን እንደሆነ እወቁ።

በእንግሊዝኛ ከሆነ ብዙ ምርጫ አለ። ኮንስታንስ ጋርኔት ከመቶ ዓመት በፊት ወደ 70 የሚጠጋ የሩሲያ መጽሐፍ ተርጉማለች። ብዙዎቹ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ይወርዳሉ። ቋንቋዋ ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ይፈሳል። የምትወቀሰው ዶስቶየቭስኪንም ቶልስቶይንም በአንድ ድምፅ ታናግራለች ተብሎ ነው፤ ወቀሳው እውነት አለው። ፔቬርና ቮሎኾንስካያ የሚባሉት ባልና ሚስት ደግሞ ለሩሲያኛው አረፍተ ነገር በጣም ታማኝ ናቸው፤ አንዳንዴ እንግሊዝኛው እስኪሻክር ድረስ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ መጀመሪያ እነሱን አልመክርም።

ለ«ወንጀልና ቅጣት» የኦሊቨር ሬዲን የ2014 ትርጉም እወዳለሁ። ለ«አና ካሬኒና» በዚያው ዓመት የወጣውን የሮዛመንድ ባርትሌትን። ለ«ጦርነትና ሰላም» አንቶኒ ብሪግስ (2005) ጥሩ ነው፤ ልቦለዱ ውስጥ ሞልቶ የተረፈውን ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለመለሰው የግርጌ ማስታወሻ እያየን አንደናቀፍም። የቡልጋኮቭን «ማስተሩና ማርጋሪታ» ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ሚራ ጊንስበርግ የተረጎመችው የሶቪየት ሳንሱር ከቆራረጠው ቅጂ ነው። በርጊንና ኦኮነር የተረጎሙትን ፈልጉ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ትልቅ ሀብት አጠገባችሁ አለ። ከሩሲያኛ ወደ ዕብራይስጥ የመተርጎም ልማድ የቆየና ጠንካራ ነው፤ «ጦርነትና ሰላም»ን ገጣሚዋ ሊያ ጎልድበርግ ተርጉማዋለች። ሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ወይም አክስት ያላችሁም ጠይቋቸው። አንድ ገጽ በሩሲያኛ ያንብቡላችሁ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች ብዙ ጊዜ ገጽ ይጎድላቸዋል፣ የተርጓሚ ስምም የላቸውም። ከነሱ ይልቅ ጉተንበርግ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ አዳዲሶቹን ትርጉሞች መዋስ ትችሉ ይሆናል።

ጊዜ የለኝም። አጭር ነገር አለ?

ሞልቷል። የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» (1886) ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። አንድ ዳኛ ይታመማል፤ እየሞተ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይነግረውም። ከጎኑ ሆኖ እውነቱን የሚያሳየው ጌራሲም የሚባለው የገጠር አሽከር ብቻ ነው። የታመመ አስታማችሁ ከሆነ ከባድ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንብቡት እላለሁ።

የዶስቶየቭስኪ «ቁማርተኛው» ደግሞ በ26 ቀን ለጸሐፊ እየተነገረ የተጻፈ ነው። አሳታሚው፣ ዶስቶየቭስኪ አዲስ ልቦለድ በቀነ ገደቡ ካላስረከበ፣ የሥራዎቹን መብት ለ9 ዓመት በነፃ ሊወስድበት አስፈርሞት ነበር። ጸሐፊዋ አና ስኒትኪና በኋላ አገባችው። ጥድፊያው ገጹ ላይ ይታወቃል፤ እሱ ራሱ ቁማርተኛ ነበርና።

የቼኾቭን «ክፍል ቁጥር 6» (1892)፣ የሌርሞንቶቭን «የዘመናችን ጀግና» (1840)፣ የጎጎልን «ካፖርቱ»ም ያዙ።

ፑሽኪን የእኛ ነው ይባላል። ከሱ ልጀምር?

ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል አፍሪካዊ ነበር። በልጅነቱ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ተወሰደና እስከ ጄኔራልነት ደረሰ። የት ተወለደ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ለረጅም ጊዜ የሐበሻ ምድር ሲባል ኖሯል፤ በዛሬዋ ኤርትራ ውስጥ ሎጎን የሚሉ አሉ፣ ቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚሉም አሉ። ፑሽኪን ራሱ በአፍሪካዊነቱ ይኮራ ነበር። በ1827 ስለዚሁ ቅድመ አያቱ ልቦለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል።

ዝምድናው ቢያስደስተንም መጽሐፉን መምረጥ ያለብን በመጽሐፉ ነው። «የሻምበሉ ልጅ» (1836) ግሩም መጀመሪያ ነው። ወጣቱ መኮንን ግሪንዮቭ በበረዶ ማዕበል መንገድ ላሳየው እንግዳ ሰው የጥንቸል ቆዳ ካፖርቱን ይሰጣል። ያ ሰው ማን እንደነበረ በኋላ ይገለጣል። ፑጋቾቭ በመራው የገበሬዎች ዓመፅ ዘመን የሚካሄድ፣ አንድ ትርፍ ቃል የሌለው ታሪክ ነው። «ዬቭጌኒ ኦኔጊን»ን ግን አቆዩት። በግጥም የተጻፈ ልቦለድ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው በትርጉም ምን እንደሚፈስ ያውቃል።

የሩሲያን ታሪክ ማወቅ አለብኝ?

ሦስት ነገር ይበቃል። በ1812 ናፖሊዮን ሞስኮ ገባ። እስከ 1861 ድረስ ገበሬው ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ የባለርስት ንብረት ነበር። በ1917 አብዮት ሆነ። ሌላውን ልቦለዱ ራሱ ይነግራችኋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እወዳለሁ። የሚቀርበው ሩሲያዊ ልቦለድ የቱ ነው?

የቱርጌኔቭ «አባቶችና ልጆች» (1862)። ባዛሮቭ የሚባለው ወጣት ሐኪም የማንንም ማዕረግ አያከብርም፤ ሽማግሎቹን ፊት ለፊት ይሞግታል። ጉዱ ካሳን የወደደ ይወደዋል፤ ምንም እንኳ ባዛሮቭ ይበልጥ ደረቅ ቢሆንም። የባዛሮቭ ወላጆች፣ በተለይ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ አያስችሉም። ከዚያ የባላባቱን ኑሮ ከነስንፍናው ለማየት የጎንቻሮቭን «ኦብሎሞቭ» (1859) ጨምሩ።

የሩሲያ ልቦለድ ሁሉ ጨለማ ነው እንዴ?

በጭራሽ። የጎጎል «ሙት ነፍሳት» (1842) ያስቃል። ቺቺኮቭ የሚባል ሰው ከባለርስት ባለርስት እየዞረ የሞቱ ገበሬዎችን ይገዛል፤ መዝገብ ላይ ገና በሕይወት ስላሉ በነሱ ብድር ለመውሰድ ነው። ኢልፍና ፔትሮቭ በጋራ የጻፉት «አሥራ ሁለቱ ወንበሮች» (1928) ደግሞ ከነጭራሹ የአጭበርባሪ ታሪክ ነው። የቡልጋኮቭ «የውሻ ልብ»ም አለ፤ አንድ ፕሮፌሰር የጎዳና ውሻን በቀዶ ጥገና ሰው ያደርገዋል፣ ሰውየውም ባለሥልጣን ይሆናል።

ከሶቪየት ዘመንስ? የጎርኪን «እናት» ብቻ ነው የማውቀው።

ይህ ጥያቄ በጣም የሚገባኝ ነው። በደርግ ጊዜ የሞስኮው ፕሮግረስ ማተሚያ በአማርኛ ያሳተማቸው መጻሕፍት በርካሽ ይሸጡ ነበር። ብዙዎቻችን ቤት፣ አዟሪዎችም ዘንድ፣ እስካሁን አሉ። ትውልድ ያነበበባቸው ናቸው፤ የጎርኪን የልጅነት ትዝታ ያላነበበ ካለ አሁንም ያንብብ። ነገር ግን መደርደሪያችን የተሞላው መንግሥት በፈቀደው ነው። በዚያው ሰዓት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፉ ልቦለዶች ነበሩ። ቀጣዩ ምርጫችሁ ከነሱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አንደኛው የቫሲሊ ግሮስማን «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» ነው። ግሮስማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀይ ጦር ጋዜጠኛ ነበር፤ ስታሊንግራድን በዓይኑ አይቷል። እናቱን ናዚዎች ገድለውበታል። ልቦለዱን ጨርሶ ለመጽሔት ሰጠ። በ1961 ኬጂቢ ቤቱ መጥቶ ጽሑፉን፣ ረቂቁን፣ የታይፕራይተሩን ጥብጣብ ሳይቀር ወሰደ። ግሮስማን በ1964 ሞተ፤ መጽሐፉ ታትሞ አላየም። ተደብቆ የነበረ ቅጂ ውጭ ወጥቶ በ1980 ስዊዘርላንድ ታተመ፤ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በ1988። አንዲት እናት ከጌቶ፣ ናዚዎች አይሁዶችን ከዘጉበት ሰፈር፣ ለልጇ የምትጽፈው ደብዳቤ ውስጡ አለ። ሌላውን ባታነቡ እንኳ ያን ምዕራፍ አንብቡ። የሮበርት ቻንድለር እንግሊዝኛ ትርጉም ጥሩ ነው።

ለመጀመር ከባድ ከመሰላችሁ የሶልዠኒትሲን «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» (1962) ይቅደም። ከማለዳ ደወል እስከ መኝታ፣ የአንድ እስረኛ አንድ ቀን ነው። የምግቡ ሾርባ፣ የሚገነባው ግድግዳ፣ የተደበቀች ማንኪያ። ከዚያ «ማስተሩና ማርጋሪታ»፣ ሰይጣን ሞስኮን የሚጎበኝበት። ቡልጋኮቭ በ1940 እስኪሞት ሲያርመው ነበር፤ በመጽሔት የወጣው በ1966 እና 1967 ነው። የፓስተርናክን «ዶክተር ዢቫጎ» ከነዚህ በኋላ አደርገዋለሁ። ግጥሞቹ ያምራሉ፣ ታሪኩ ግን አጋጣሚ ይበዛበታል።

የሴት ደራሲስ?

የሉድሚላ ኡሊትስካያን «ሶንየችካ» (1992) ሞክሩ፤ አጭር ነው፣ ሕይወቷን በመጻሕፍት ውስጥ ስለኖረች ሴት። ሰፋ ያለ ከፈለጋችሁ የጉዜል ያኺና «ዙለይካ» (2015) አለ። ባሏ የተገደለባት የታታር ገበሬ ሴት በ1930 ወደ ሳይቤሪያ ትጋዛለች፤ እዚያ ነው ራሷን የምታገኘው።

በሕይወት ካሉት ደራሲዎች አንድ ብቻ ብትመርጥስ?

የዬቭጌኒ ቮዶላዝኪንን «ላውሩስ» (2012)። ደራሲው ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ተቋም የጥንት ጽሑፎች ተመራማሪ ነው። ታሪኩ በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። አርሴኒ ከአያቱ መድኃኒት ቅጠል የተማረ ልጅ ነው። የሚወዳት ሴት በወሊድ ትሞትበታለች፤ አዋላጅ አልጠራም ነበርና ጥፋቱ የሱ ነው። ከዚያ ዕድሜውን ሁሉ ስለሷ ንስሐ ይገባል። በሽተኛ ይፈውሳል፣ እንደ እብድ ሆኖ በየመንገዱ ይኖራል፣ ኢየሩሳሌም ይሳለማል፣ ይመነኩሳል። በሕይወቱ አራት ስም ይይዛል።

ገድል ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው ይህ መጽሐፍ አይገርመውም፤ ይናፍቀዋል እንጂ። ደራሲው ገድልን በዘመናዊ ልቦለድ አስነስቶታል፣ ቀልድ ሳያደርገው። ሊሳ ሄይደን በ2015 ወደ እንግሊዝኛ መልሳዋለች። ስትጨርሱት «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ስድስተኛ መጽሐፍ፣ የአባ ዞሲማን ሕይወት፣ እንደገና ክፈቱ። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ከ«ላውሩስ» በኋላ ግን በሌላ ጆሮ ይሰማል።